ጭጭ ያለው ፍሬን

በከተማችን በአራዳ ገበያ፣ በመኪና መለዋወጫ ሱቆች ፈህሚያን የማያውቃት ሾፌር የለም፤ ያልተነጫነጨባትም ጥቂት ነው። ሱቁን ከአባቷ ከሐጂ አብዱልጀሊል ከተረከበች ወዲህ የፍሬን ሸራ ሳታንኳኳ አትሸጥም። አንጠልጥላ በመፍቻ ትመታውና ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። ድምፁ ቶሎ ከሞተ "ይሄን አልሸጥም" ትላለች። እኔንም አንድ ሐሙስ እንዲህ ብላ ባዶ እጄን ሰደደችኝ።

እኔ መልካሙ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቼ ይቺ ልጅ ልታስተምረኝ ነው ብዬ ያንኑ ዓይነት ሴራሚክ ሸራ ከሌላ ሱቅ ገዝቼ አስገጠምኩ። አሮጌው ገና ስረግጠው ሲጢጥ እያለ በተሳፋሪ ፊት ያሳፍረኝ ነበር። አዲሱ ጭጭ አለ፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሚኒባሴን ወደ መካነ ብርሃን በሚሄድ ተሳፋሪ ሞልቼ፣ ባለቤቴን እንኳየሁን ጋቢና አስቀምጬ፣ ሆን ብዬ ፈህሚያ ደጃፍ ቆምኩ።

"ይኸው፣ ሸጋ አድርጎ ይይዛል። ድምፅ የለ፣ ምን የለ" አልኳት።

ወጥታ መኪናው ፊት ተገተረች። "አያ መልካሙ፣ ዝም ያለው ለምን ይመስልሃል? ደህና ሸራ ሲነካ ይነዝራል፣ ይጮሃል። የተሰነጠቀው ግን ስንጥቁ እርስ በርሱ እየተፋተገ ንዝረቱን ይውጠዋል። ፍታውና ልየው።"

"ዞር በይ፣ ሰው ይዣለሁ።"

"አልዞርም። ከፈለግህ ግጨኝ።"

ጡሩምባ ነፋሁ። ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወደ ጋቢናው መጣችና በሩን ከፈተች። "እሺ፣ ሂድ። እንኳየሁ ግን እኔ ጋ ትቆይ፤ ስትመለስ ትወስዳታለህ።"

ሚስቴ አየችኝ። መንገዳችን ላይ ያለውን የደባርቅን ማዶ ቁልቁለት እሷም ታውቀዋለች። ነጠላዋን ሰብስባ ወረደች። ከኋላ አንድ ቄስ ተከተሏት፤ ከዚያ ሁሉም። ባዶ መኪና ውስጥ መሪ ጨብጬ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ጎማውን ፈትቼ ሸራውን አወጣሁላት። ፈህሚያ የሱቋን ሸራ መታች፤ ድምፁ እየጠራ ቆየ። የእኔን መታች፤ ወዲያው ታፈነ። በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው ግማሹ ከብረቱ ተላቆ መዳፏ ላይ ቀረ።

የእሷን ሸራ ገጥሜ በዚያው ረፋድ ተጓዝን።

ስባሪውን እንኳየሁ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን አለ። ቤት ውስጥ እልህ ሲይዘኝ፣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች።