ማንም ከቤት የማይወጣበት ልብ ወለድ

ቆቦ የሄድኩት ስለ ቆላው የመስኖ እርሻ ዘገባ ልሠራ ነበር። ያረፍኩት እህቴ ቤት ነው። በማግስቱ በውጊያ ምክንያት መንገዱ በሰሜንም በደቡብም ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የቀረልኝ ሥራ ግቢውን ከአጥር አጥር መመላለስ ብቻ ሆነ።

የእህቴ ባል ነጋዴ ነው። መንገዱ በተዘጋበት ዕለት ጠዋት ለሥራ ዋጃ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋጃ ቅርብ ነው፤ በደህናው ጊዜ በሚኒባስ ደርሶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ችግር የሆነውም ይኸው ቅርበቱ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ርቀቱን ታውቀዋለች። አንድ ቀን ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ «በእግሬ እደርሳለሁ፤ አባባን አመጣዋለሁ» አለች። እህቴ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። «አባትሽ ነገ ይመጣል» ትላታለች፤ በማግስቱም እንደዚያው።

እኔ በማሳ ውስጥ አቆራርጠው ከተማ ከገቡ ገበሬዎች መንገዱ ላይ ምን እንዳለ ሰምቻለሁ። ከእነሱ አንዱ የእህቴን ባል ዋጃ ውስጥ በደህና እንዳየው ነግሮናል፤ መንገዱ ግን ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም የሚሆን አልነበረም። ልጅቷ ፊት ግን እንዳላወራ እህቴ አስጠንቅቃኛለች።

«ለሰው ልጅ ሁሉ መጽሐፍ ትመርጣለህ አይደል?» አለችኝ። «እስቲ ለዚችም ምረጥላትና ከበሩ ላይ አንሳልኝ።»

ጋዜጣችን ላይ ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚሆኑ ልብ ወለዶችን በየወሩ የምጠቁመው እኔ ነኝ። መለኪያዬ የታወቀ ነው፦ ባለታሪኩ የአንባቢው እኩያ ይሁን፣ ታሪኩ ቶሎ ይነሳ፣ ዓረፍተ ነገሩ አይንዛዛ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው አዲስ መጽሐፍ ሁሉንም ያሟላል። የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ አገር ስለምታቋርጥ ልጅ ነው። ሰጠኋት፤ ቶሎ ጨርሳ መለሰችልኝ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን አጎቴ፣ ማን ከፈተላት?»

«ምኑን?»

«በሩን ነዋ! ገና ሲጀምር ወጣች። እናት የላትም?»

«እናቷ ተኝታ ነበራ።»

«የኔ እናት አትተኛም።»

እህቴ ከማድ ቤት ሰምታናለች። «ጎሽ ወንድሜ! ማምለጫውን አስተማርክልኝ!»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ «ማንም የማይወጣበት የለህም?» ብላ ጠየቀችኝ።

እስከዚያ ቀን የጠቆምኳቸውን መጻሕፍት በሐሳቤ አገላበጥኩ። ልጆቹ ሁሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቤት ይወጣሉ። የአንባቢውን ዕድሜ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ መውጣት ይችል እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። በአጥሩ በኩል ችግሬን ነገርኳቸው።

«አብሽር፣ መጽሐፍ ሞልቷል» አሉ። «ወፍራሙን ልስጣት። ኢንሻአላህ ሳትጨርሰው መንገዱ ይከፈታል።»

«ከቤት የሚወጣ ሰው የሌለበት ነው የፈለገችው።»

«ታዲያ የዚህን ሰፈር ታሪክ ጻፍላታ!» ብለው ሳቁ።

አንድ ካርቶን መጽሐፍ በአጥሩ ላይ አሻገሩልኝ። ስፈትሽ ውዬ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ርዕሱም የጠፋ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ጎርፍ ወንዝ ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያስቀራቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከወፍጮ ቤቱ ማንም አይወጣም። በር አጠገብ ማን ይተኛ እያሉ ይጣላሉ፤ ይሰዳደባሉም። ለታዳጊ ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ ጋዜጣ ላይ ቢሆን አልጠቁመውም ነበር።

እህቴ ስድቡን አየችና «እኔ ሳልጨርሰው አትነካውም» አለች። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ በከንፈሯ እያንሾካሾከች ማንበብ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ብቻዋን ሳቀች። ልጅቷ ቀና አለች።

«ምን ይላል?»

«የትልቅ ሰው ነገር ነው።»

ቀስ በቀስ ተጠግታ ከጎኗ ተወሸቀች። እናቷ አላባረረቻትም።

«ግለጪው እንጂ እማ!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እኔ እንዳንቺ ትምህርት ቤት ስውል አልኖርኩ!»

እንዲህ እየተነታረኩ፣ ባሏ ከወንዙ ማዶ ከቀረባት ሴት ታሪክ ደረሱ። ልጅቷ ማጣደፏን ተወች።

«እማ፣ አባባ እውነት ነገ ይመጣል?»

እህቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«አላውቅም ሆዴ» አለች። «ደህና መሆኑን ያየው ሰው ነግሮናል። መቼ እንደሚመጣ ግን አላውቅም። የመንገዱን አጎትሽ ይንገርሽ።»

የሰማሁትን፣ ከማን እንደሰማሁ፣ ያላረጋገጥኩትም የቱ እንደሆነ ነገርኳት። አባቷን አየሁት ያለው ሰው መቼ እንዳየው ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት።

«አናውቅም ካላችሁ እጠብቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ስትሉኝ ነው የማልችለው።»

እህቴ ገጹን ገለጠችው።