ድርጅቷን ለታናሿ ያስረከበችው መካኒክ

የስፌት መኪናውን መርፌ ነቀለች። ጨርቁን የሚገፋውን ጥርስ ክዳን ፈትታ ከሥሩ የተጠቀጠቀውን ብናኝ በብሩሽ ጠረገች። ዘይት ጠብ አድርጋ መዘውሩን በእጇ አዞረችና ጆሮዋን አስጠጋች።

«አሁን ተነፈሰ» አለች።

የስፌት መኪና ጠጋኟ ሰኞ በልብስ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ሆና ትገባለች። ከታናሽ እህቷ ጋር ያቋቋመችውን የጥገና ድርጅት ለእሷው ትታ መሄዷ ነው። ሐሳብ የሆነባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደንበኞቹ ታናሿን አምነው ይቀበሏት ይሆን?

ሥራውን ሲጀምሩ መኪናውን ከልብስ ሰፊው ቤት አንስተው ወደ ወርክሾፓቸው ይወስዱና እንደ አዲስ አድርገው ይመልሱት ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ ያው ይወልቃል። «ጠጋኝ ነን ባዮች!» ተባሉ። አንድ ቀን እዚያው ልብስ ሰፊው ቤት መኪናውን ደግማ ደጋግማ ስትፈታ ታናሿ ሳቀችባት።

«እትዬ፣ ጤነኛውን ነው የምታክሚው! የተንሻፈፈው መኪናው የተቀመጠበት ጠረጴዛ እግር ነው።»

ከዚያ ወዲህ መኪናውን ካለበት ሳያነሱ መጠገን ጀመሩ፤ ደንበኛም ጎረፈ። ፋብሪካው ሲቀጥራትም የጥገናው ክፍል ከሰፊዎቹ መሃል ይሁን አለች፤ እሺ አሏት።

ዛሬ መዘውሩን ስታዞር ያያት ልብስ ሰፊ፣ አጠገቧ የቆመችውን ታናሿን እያየ አጉረመረመ። «ለዚች ጩጬ ጥለሽን ልትሄጂ?»

«ጩጬዋ ናት እኔን ሰው ያደረገችኝ!» አለችው፣ ደረቷን ነፍታ።

የስፌት መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ለእናንተም አደራ ብላለች፦ «ፋብሪካው በር ድረስ መጥታችሁ እንዳትጠሩኝ። ለእህቴ ደውሉላት።»