የእናቴ ወገብ እና የወንድሜ ባሌስትራ

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ባል አግብቼ የመጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ በአነጋገሬ ይስቁ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ወገዳ ስመለስ የወገዳ ሰዎች ይስቁብኛል። ስለዚህ በሁለቱም አገር ቁጥብ ሆኛለሁ። ከእናቴ ጋር ግን በየቀኑ በስልክ እናወራለን። ስለ ምን ቢሉ፣ ስለ ወገቧ።

ሐኪሞቹ የእናቴ ወገብ የታመመው በእርጅና ነው ይላሉ። እሷ በወንድሜ መኪና ነው ትላለች። ወንድሜ ወገዳ ላይ እህል ይነግዳል፤ ከኋላ ጭነት፣ ከፊት ሁለት ረድፍ ወንበር ያላት አሮጌ ፒክ አፕ አለችው። ኩንታል ስትሸከም እንደ ጨዋ ሴት ቀስ ብላ ትሄዳለች። ባዶዋን ስትሆን ግን አያድርስ ነው። ከኋላ ጎማዋ በላይ ያለው ባሌስትራ፣ ያ እንደ ቂጣ የተደራረበ ወፍራም ብረት፣ ለሸክም የተሠራ ስለሆነ ለሰው አይታጠፍም። ጎማው የረገጠውን ድንጋይ የሚቀበለው የተሳፋሪው ወገብ ነው።

«ይች መኪና አይደለችም፣ ፍየል ናት» ትላለች እናቴ። «እኔ በቅሎ አውቃለሁ። በምትሰግር በቅሎ ላይ ተቀምጬ ጥጥ ፈትያለሁ። ይች ግን ትዘላለች።»

በቅሎ ላይ ጥጥ መፍተሏን ያየ ሰው አላገኘሁም። በመኪናዋ ግን ከአንድ ጉዞ በኋላ ሁለተኛ አልገባም ብላ ማለች፤ እናቴ ከማለች ማለች ነው።

መሐላው ባያሳዝነኝ ኖሮ ስቄ እተወው ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ የኔታ ናቸው። እሳቸው ከጎጇቸው ደጃፍ አይወጡም፤ እሷ መኪና ላይ አትወጣም። ስልክ እንዳይባል፣ የኔታ ስልክ ሲይዙ ምርቃቱን ጮኸው ይጨርሱና መልስ ሳይሰሙ ለተማሪያቸው ይመልሱታል።

«ሳንተያይ ልንቀር ነው» አለችኝ አንድ ቀን እናቴ። «እሱ በሰማይ ቤት እንገናኛለን ይላል። ይሁን፤ ግን እዚያ ሕዝቡ ብዙ ነው። የት ብዬ አገኘዋለሁ?»

ያን ቀን ለወንድሜ ደወልሁለት። «ለንግሥ እመጣለሁ። እምዬን ቤተ ልሔም እንወስዳታለን። ስለዚህ ያችን መኪና አለስልሳት።»

«እታለም፣ መኪና እኮ ቆዳ አይደለም።»

«እኔ አላውቅም። የሚለሰልስበትን ፈልግ።»

ፈልጎ አገኘ። እኔም ከሐዋሳ ተነሥቼ በስንት ፌርማታ፣ በስንት አባታችን ሆይ መካነ ኢየሱስ ከተማ ደረስሁ። ወንድሜ ከመናኸሪያ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ አንድ ሐጂ ሱቅ ወሰደኝ። ሐጂ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ የሚሸጡትን ራሳቸው ይገጥማሉ፣ እየገጠሙ ያወራሉ። ከመኪናዋ ሥር በጀርባቸው ተኝተው፣ እግራቸው ብቻ እየታየ ጠየቁን።

«ምን ልትጭኑባት ነው?»

«እናታችንን» አለ ወንድሜ።

«ስንት ኪሎ ናቸው?»

«ኧረ በስመአብ!» አልሁ። «እናት በኪሎ ይጠየቃል እንዴ?»

«እህቴ» አሉ እግራቸውን እያወዛወዙ፣ «ባሌስትራ በኪሎ እንጂ በፍቅር አይገጠምም።»

ወፍራሞቹን ብረቶች አወጡ። በምትካቸው ከቀላል መኪና የወጡ ስስ ብረቶችና አዲስ ሾክ አስገቡ። ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አስጠነቀቁን፤ «አሁን ኩንታል የሚባለውን ነገር እርሱት። ሰውም ቢሆን ከወንበሩ በላይ እንዳትጭኑ። ከኋላ ካበዛችሁባት እንደ ላም ትተኛለች።»

«ማን ይጫናል ሐጂ? እናቴና እኔ ብቻ ነን» አልኋቸው። ከቦርሳዬ የጸበል ጠርሙሴን አውጥቼ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ረጨሁ።

ሐጂ በጥሞና ተመለከቱኝና «ጸበሉ መልካም ነው» አሉ። «የግራ የኋላው ግን ትንሽ ነፋስም ይፈልጋል።»

ወገዳ ስንደርስ ወንድሜ ወፍራሞቹን ብረቶች ለቀጥቃጭ ሰጣቸው። የባሌስትራ ብረት ከተገኘ ማረሻ ሳይደረግ አያድርም፤ የገበሬ ዓይን አያስቀምጠውም። ስለዚህ መኪናዋ ለሰለሰች ማለት ለሰለሰች ነው፣ መመለሻ የለም።

እናቴ ግን በወሬ የምታምን ሴት አይደለችም። «በእርጎ ፈትኑልኝ» አለች። እስከ አፍ ገደፉ የሞላ የእርጎ ሳህን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ገበያውን ዙሩ አለችን። ዞርን። ድሮ አንጀት የሚያናውጠው ጉድጓድ ሁሉ አሁን ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ሆነ። ነገር ግን መኪናዋ ጉድጓዱን ካለፈች በኋላም አትረሳውም፤ ሜዳ ላይ እየሄደች እንኳ እሹሩሩ ትላለች። እርጎው ጠብ ሳይል ተመለሰ። እኔ ከመኪናው ወርጄ አጥር ይዤ ቆምሁ።

«ፊቷ ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ።

«ምቾት ነው» አለ ወንድሜ።

እናቴ ሳህኑን ዙሪያውን መረመረች። «እርጎው ከደረሰ እኔም እደርሳለሁ» አለችና ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

የንግሡ ዋዜማ ጠዋት ተነሣን። እኔና እናቴ ከኋላ ወንበር፣ ወንድሜ መሪ ላይ። ቀበቶዋን አሰርሁላት፣ የእኔንም አሰርሁ፣ አማተብሁ። ድሮ በዚያ መንገድ ውዳሴ ማርያም ስደግም የሰኞውን ጀምሬ አንዱ ጉድጓድ የሐሙሱ ላይ ይወረውረኝ ነበር። አሁን ሰኞን በሥርዓቱ ጨርሼ ማክሰኞ ገባሁ። እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት። ወንድሜ በመስታወቱ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ወገቧ ተኛ ማለት ነው።

ረቡዕ ላይ ስደርስ ነቃች። መንገድ ዳር አንዲት መነኩሲት በዘንጋቸው እየተደገፉ ይሄዳሉ።

«አቁም» አለች።

«እምዬ፣ ሐጂ ምን አሉ?»

«ለታቦት የሚሄድ እግረኛ ተጥሎ ይታለፋል? አቁም።»

እማሆይ ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ወጡ። ትንሽ እንደሄድን አንድ ቄስ ከነባለቤታቸው። ቀጥሎ ለደብሯ በስለት የሚሰጥ ባለ ወርቅ ዘርፍ አዲስ ጥላ የያዙ ሽማግሌዎች። ቀጥሎ ከበሮ ያዘሉ ዲያቆናት። በየጊዜው እናቴ «አቁም» ትላለች፤ በየጊዜው ወንድሜ «ሐጂ!» ይላል።

«ሐጂ ጥሩ ሰው ናቸው» አለችው በመጨረሻ ተቆጥታ። «እዚህ ቢሆኑ እሳቸውም ያሳፍሯቸው ነበር።»

እኔ መከልከል ነበረብኝ። ግን ቄስ ቆመው እያዩኝ «ባሌስትራው ስስ ነው» ልበላቸው? በየት አፌ?

አንድ ዳገት ልንጀምር ስንል የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሣ፣ ኋላዋ ዘጭ አለ። ጎማው ከቆርቆሮው ጋር እየተፋተገ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ወንድሜ ወርዶ አጎንብሶ አየ።

«ተኛች» አለ። «እንደ ላም ተኛች።»

ተሳፋሪዎቹ ነገሩ ገባቸው፤ ይቅርታ እየጠየቁን ወረዱ። ሰው ሲወርድ መኪናዋ ብድግ አለች። እማሆይ ብቻ እንዲቀሩ ተለመኑ፤ ዕድሜያቸውም ክብደታቸውም ይፈቅድላቸዋል። ጥላው በግፊያው ተጨማዶ ስለነበር ዘርግተው እንዲይዙት ሽማግሌዎቹ ሰጧቸው።

«እናንተ ቅደሙ፣ እኛ እንደርሳለን» አሉ ቄሱ።

እንዴት እንቅደም? መንገዱ በአንድ በኩል ካብ፣ በሌላው ገደል ነው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ከፊታችን ናቸው። ወንድሜ ለበሬ ክላክስ ያደርጋል፣ ለከባድ መኪና ያደርጋል፤ በቄስ ጀርባ ላይ ግን ክላክስ የሚያደርግ ልጅ እናቴ አልወለደችም። በእግር መንገድ ፍጥነት ተከተልናቸው። ዲያቆናቱ ዳገቱ እንዲቀላቸው ከበሮውን መቱ፣ መዝሙር አነሡ። የቄሱ ባለቤትና መንገድ ላይ የተቀላቀሏቸው ሴቶች ከኋላ እልል አሉ።

እስቲ አሁን ከሩቅ ሆናችሁ እዩን። ከፊት ቄስና ሽማግሌ፣ ከበሮ፣ ዝማሬ። መሐል ላይ በቀስታ የምትወዛወዝ መኪና፣ በላይዋ የተዘረጋ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ። ከኋላ እልልታ።

መጀመሪያ የወደቀው አንድ ገበሬ ነው። በሬዎቹን ትቶ መንገድ ዳር ወጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ግንባሩን መሬት አስነካ። ከዚያ ቤተሰቡ። ከዚያ ከላይ መንደር እየሮጠ የመጣው ሁሉ።

መስኮቱን ከፍቼ እስከ ወገቤ ወጣሁና ጮህሁ። «ኧረ ታቦት አይደለም! ተነሡ፣ ታቦት የለም! ውስጥ ያለችው እናቴ ናት!»

ገበሬው ቀና ሳይል «ዝም በይ አንች ሴት» አለኝ። «ታቦት ፊት አይጮህም።»

«ታቦት ሳይሆን ጳጳስ ናቸው» አለች አንዲት ባልቴት። «መኪናው ውስጥ ሲወዛወዙ አይቻለሁ፤ ይባርኩናል።»

ለፍጡር የማይገባ ስግደት እኛ ላይ! ቶሎ ቶሎ ንስሐዬን ማሰብ ጀመርሁ። እናቴ ሰው ሰላም ሲላት ዝም ማለት ነውር ነውና በእኔ በኩል እጇን አውጥታ ሰላምታ ትመልሳለች፤ እጇን የያዘ ሁሉ ይስመዋል።

«እምዬ፣ እጅሽን አስገቢ! ኃጢአት ነው!»

«ሰዎቹ የሰገዱት ለእግዜር ነው» አለችኝ ሳትቸኩል። «አድራሻውን እሱ ያውቀዋል። ይልቅ ወገቤን ምንም አላመመኝም።»

ቤተ ልሔም ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ደወል ተደወለ። መምህራኑና ተማሪዎቹ ለጳጳስ አቀባበል ወጥተው ተሰልፈዋል። ሰልፉ ተከፈለና በመካከሉ ካባ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በሁለት ተማሪዎች ተደግፈው መጡ። ከደጃፋቸው አይወጡም የተባሉት የኔታ ናቸው።

መኪናዋ ጥግ ደርሰው ጎንበስ አሉ። «ብፁዕ አባታችን፣ ይባርኩኝ» አሉ፣ መስቀል ፍለጋ።

ከመስኮቱ የእናቴ እጅ ወጣ። የኔታ እጁን ያዙ፣ ሊስሙት ቀረቡ፣ ቆሙ። የእናቴ ትንሽ ጣት የታጠፈ ነው፤ በልጅነታቸው በር የዘጉበት እሳቸው ናቸው ይባላል። ቀና ብለው አዩ።

«አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጳጳስ ነው የመጣ ብለውኝ እኮ ካባ ለብሼ ወጣሁ!»

«ቅር አለህ?»

«ትንሽ» አሉ የኔታ፤ እንባቸው ግን ጢማቸው ላይ ደርሷል። «ለጳጳስ ሲሆን ተነሣሁ። ለአንች ቢሉኝ ኖሮ...»

«ተኝተህ ትጠብቀኝ ነበር።»

«እተኛ ነበር። ነይ ውረጅ።»

«አልወርድም። አንተ ውጣ፣ ይህን ወንበር እየው፤ በቅሎ ናት።»

ቦታዬን ለቀቅሁላቸው። ተማሪዎቹ አንሥተው አስገቧቸው። የኔታ እንደተቀመጡ መኪናዋ ዝቅ ከፍ አለች፤ ደነገጡ፣ ቀጥሎ በቂጣቸው ፈተኗት፣ ቀጥሎ ከእናቴ ጋር አብረው ፈተኗት። ስለ ሟች ዘመዶች፣ ስለ ወገብ፣ በር ስለተዘጋበት ጣት ክርክር ተጀመረ። ወንድሜ ከውጭ የመኪናዋን ጠርዝ ይዞ ቀስ ብሎ ያወዛውዛቸዋል። መውረድ የሚባል ነገር የለም።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሊሳለም የሚመጣውን እመልሳለሁ። አንዲት ሴት አልፋኝ ልትገባ ታገለች።

«እህቴ፣ ጳጳስ አይደሉም» አልኋት። «ወንድምና እህት ናቸው። ብዙ ዘመን ሳይተያዩ ቆይተው ነው።»

ወደ ውስጥ አየች። ሁለቱ እየተወዛወዙ ይጣላሉ።

«ይሁን» አለችና የጎማውን መከለያ ስማ ሄደች።