ሜርል ያልጨረሰቻት ማግፓይ

ግሌኒስን የሚያስጠላት ነገር ተቆጥሮ አያልቅም። የፕላስቲክ አበባ ያስጠላታል። ሻይ ሲቀዳ ወተቱን አስቀድሞ የሚጨምር ሰው ያስጠላታል። ዶሮማ አይነሳባት! ዕድሜዋን የጨረሰችው ከቡላሮክ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የዶሮ ማረጃ ቆማ ነው፤ ሥራዋም የታረደው ዶሮ ተሰቅሎ በፊቷ ሲያልፍ የበለዘውን፣ ክንፉ የተሰበረውን፣ ቆዳው የተላጠውን እየለቀመች መጣል ነበር። ሰው ደህና ዶሮ በሚያይበት ቦታ እሷ ጉድፍ ታያለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ያው ናት።

የሚገርመው፣ ያን ሁሉ የሞተ ዶሮ ካየች በኋላ የያዛት ሱስ ወፍ መስፋት ነው።

ከስንዴው ጎተራ ማዶ ባለው አዳራሽ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰበሰቡ ሴቶች አሉ፤ ሥራቸው ድሪቶ ነው። ድሪቶ ስላችሁ አልጋ ላይ የሚጣለው አይምሰላችሁ። ከደብተር ገጽ ብዙም የማይበልጥ፣ ወፍ የተሰፋበት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሃል ስስ ጥጥ፣ ከታች ገበር ይደረባል። ከዚያ ጨርቁን ከሥር የሚጎትቱት የስፌት መኪናው ጥርሶች ዝቅ ይደረጋሉ። ከዚህ ወዲያ መኪናው አይመራም፤ እግር መርገጫውን ይጫናል፣ እጅ ጨርቁን እንደፈለገ ይነዳዋል፣ መርፌው ላባውን እንደ እርሳስ ይሥለዋል። እግርና እጅ ከተስማሙ ስፌቱ እኩል እኩል ሆኖ ይወጣል። ካልተስማሙ ደግሞ እዚህ ጋ ይረዝማል፣ እዚያ ጋ ይታፈጋል፣ በገበሩ በኩል ክሩ እየተጠቀለለ ጓል ይሠራል። ግሌኒስ ያን ጓል ማየት አትችልም።

ከሁሉም የምትበልጠው ሜርል ነበረች። ግሌኒስ እንኳ ለሜርል ወፍ እንከን አግኝታለት አታውቅም፤ ይህን ደግሞ በሕይወት እያለች ነግራታለች፣ ከሷ አፍ ትልቅ ነገር ነው። ሜርል ለረጅም ጊዜ ታማ ብርዱ ሲገባ ሞተች። በእነሱ ወግ፣ አንዷ ስትሞት ጀምራ የተወችውን ጓደኞቿ ተካፍለው ይጨርሱላታል፤ በፀደዩ ኤግዚቢሽን ላይ በስሟ ይሰቀልና ከዚያ ለቤተሰቧ ይሰጣል። ሜርል የተወችው ማግፓይ የምትባል ወፍ ነበረች፣ የአጥር እንጨት ላይ ቆማ ክንፏን የዘረጋች፣ ጥቁርና ነጭ። ባሏ ኖርም የቀረውን እንድትሰፋ ለሮዝሊን ሰጣት፤ ጠርዙን ግሌኒስ ትገጥመዋለች ተባለ።

ለሮዝሊን! ሮዝሊን የማኅበሩ ሊቀመንበር ናት፤ በወፍ ዓይን ላይ የሚያብለጨልጭ ዶቃ በሙጫ የምትለጥፍ ሴት። አምና የሠራችው ኩካቡራ የሚባል ወፍ ቅንድብ ነበረው። ቅንድብ! ወፍ ቅንድብ አውጥቶ ማንን ሊያሽኮረምም ነው? ግሌኒስ የዚያን ቀን ከአዳራሹ ወጥታ ንፋስ እስክትቀበል ድረስ አቅለሽልሿት ነበር።

ሮዝሊን ማግፓይዋን በከረጢት አድርጋ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት መኪና ማቆሚያው ላይ አስረከበቻት።

«ግሌኒስ የኔ ቆንጆ፣ ስለ ክንፉ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ኖርም እኮ...»

«ጠርዝ መግጠም ካንቺ ልማር?»

«ኧረ ስለ ጠርዙ አይደለም! ክንፉን ስታዪው...»

«ዓይን አለኝ፣ ሮዝ። ያለውን አያለሁ» አለችና የመኪናዋን መስኮት ዘጋችባት። ዶቃ ከምትለጥፍ ሴት ስለ ክንፍ ልትሰማ? ወግድ!

እቤቷ ገብታ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። መጀመሪያ ሰማዩን አየች። ንፋስ የሚነፍስበት ይመስል እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ አንድም ቦታ ያልተደናቀፈ ስፌት። «ይሄ የሜርል ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀጥላ ክንፉን አየች።

«ቱ!»

አንዱ ስፌት የፌንጣ እግር ያህላል፣ ቀጣዩ ከመታፈጉ የተነሳ ጨርቁን አሸብሽቦታል። ላባው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ሳይታሰብ ከመስመር ይወጣል። ገበሩን ስትገለብጠው ደግሞ እዚህም ጓል፣ እዚያም ጓል። ዶቃ አልተለጠፈበትም እንጂ ሌላ ምን ቀረው! ግሌኒስ ሻይዋን ገፋችው። ለሷ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሜርል ሰማዩን ጨርሳ ሞታለች፣ ሮዝሊን ክንፉ ላይ ገብታ አበላሽታዋለች፣ አፍራም መኪና ማቆሚያው ላይ ልታስተባብል ሞክራለች።

«አንቺ ቆሻሻ! የሞተች ሴት ጨርቅ ላይ!» ብላ ለብቻዋ ጮኸች።

እንዲህ ሆኖ ይሰቀላል ማለት ነው። የሜርል ስም ከሥሩ ይጻፋል፣ ከየከተማው የመጡ ሴቶች ከበው ይቆማሉ፣ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ነጭ ጓንት አጥልቃ የምታስጎበኘው ሴት ደግሞ ገልብጣ ጓሉን ታሳያቸዋለች። «ምስኪን፣ መጨረሻዋ ላይ እንዲህ ሆና ነበር ለካ» ይላሉ። ከዚያ ኖርም ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለውና እስኪሞት ድረስ ያየዋል። ግሌኒስ በሕይወት እያለች ይሄ አይሆንም። መተርተሪያዋን አነሳች።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተረተረች። ክሩ እየተበጣጠሰ ሲወጣ በጣቷ ጫፍ እየያዘች፣ ፊቷን እያጨፈገገች፣ ከሾርባ ውስጥ ፀጉር የምታወጣ ይመስል ወደ ጎን ትጥለዋለች። መርፌው ጨርቁ ላይ የተወውን ቀዳዳ በጥፍሯ እየፈተገች ዘጋችው። ከዚያ ሜርል አንድ ጊዜ ለልደቷ የሰጠቻትን ትንሽ ወፍ ከግድግዳ አውርዳ ፊቷ አስቀመጠችና ላባውን በዚያው ዓይነት ሰፋችው። በሕይወቷ እንዲህ ሰፍታ አታውቅም። እውነት ለመናገር ሜርል ራሷ ብታየው የኔ ነው ትል ነበር። የተተረተረውን ክር ጠራርጋ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረችው፣ ሐሙስ ጠዋት የከተማው ቆሻሻ መኪና ወሰደው፣ እሷም ጠርዙን ገጥማ ማግፓይዋን ኤግዚቢሽኑን ለሚሰቅሉት ላከች። ደስ ብሏት ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። በር ላይ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ውስጥ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ከወፍ ወደ ወፍ ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ ማግፓይዋ ጋ ሲደርስ ይቆማል። «ሜርል እኮ ሜርል ናት» ይላሉ። ግሌኒስ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ትሰማለች።

ሮዝሊን ነጭ ጓንቷን አጥልቃ መጣች። ማግፓይዋን አየች። ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ የጨርቁን ጥግ በሁለት ጣቷ ይዛ ገለበጠችውና ገበሩን ስታይ እጇ እዚያው ቀረ።

«ግሌኒስ» አለች በዝግታ። «ምን አድርገሽ ነው?»

«ያበላሸሽውን አቃናሁ። ምስጋና አልጠበቅኩም።»

«እኔ የሰፋሁት ሰማዩን ነው። ሰማዩን ብቻ።»

ግሌኒስ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ኖርም መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቷል፣ ደረቱ ተነፍቷል። በር ላይ ቋሊማ ለሚጠብሱት ሁሉ ሲያወራ ነው የመጣው።

«ግሌኒስ! የኔን አየሽልኝ?»

«የቱን?»

«ስፌቴን ነዋ! እኔም እኮ ዘንድሮ ኤግዚቢሽን ላይ ወጥቻለሁ!» ሳቀ። «አልሰማሽም እንዴ? የሜርል እግር መታዘዝ ተወ። እጇ ደህና ነው፣ እግሯ ግን እምቢ አለ። ታዲያ ጠረጴዛው ሥር ገባሁልሽና መርገጫውን በእጄ እጫን ጀመር። እሷ ከላይ ጨርቁን ትነዳለች፣ እኔ ከታች እጫናለሁ። ‹ቀስ!› ስትለኝ እፈጥናለሁ፣ ‹ሂድ!› ስትለኝ እቆማለሁ። ‹አንተ ድንጋይ!› ትለኛለች። ስንሰዳደብ ነው ክንፉን የጨረስነው፤ ደግሞ ስንስቅ። ከዚያ በኋላ መቀመጥም አልቻለች። ሮዝሊንን ሰማዩን ስፊልኝ፣ ክንፉን እንዳትነኪ ብዬ አስምያታለሁ። አይደል ሮዝ?»

ሮዝሊን አንገቷን ነቀነቀች። ጓንት ያጠለቁ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ነበር።

ግሌኒስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ኖርም መነጽሩን አውጥቶ ፊቱን ወደ ክንፉ አስጠጋ። ጣቱን ሳያስነካ በላባው ላይ፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ፣ ቀስ እያለ ወሰደው።

«እዪ እስቲ» አለ። «እንዲህ ቀጥ ብሎ ነው እንዴ የወጣው? እኔ ሥር ሆኜ ከጉልበቷ በስተቀር የማየው አልነበረኝም፤ ለሮዝም የሰጠኋት እንደተጠቀለለ ነው። ‹ዶሮ የጫረው አስመሰልከው› ትለኝ ነበር እኮ! ለካ ስታሾፍብኝ ነው።» ዓይኑ በራ። «ለካ ጥሩ ነበርን።»

ሮዝሊን ግሌኒስን አየቻት። እሷ ካልተናገረች ሮዝሊንም እንደማትናገርባት ግሌኒስ ገባት። ሽማግሌው ደስ ብሎት ሊሄድ ነው፣ ጨርቁን ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቅል ነው፣ ዕድሜ ልኩን በሷ ስፌት ሊኮራ ነው። ያ ደግሞ ከሁሉ ነገር ይልቅ አስጠላት።

«ኖርም፣ ያ የናንተ አይደለም። የኔ ነው» አለች። «የሮዝሊን መስሎኝ የናንተን ተረተርኩት።»

ኖርም ቀና አለ። ቀልድ መስሎት ፈገግታው ለጥቂት ጊዜ ፊቱ ላይ ቆየ።

«ክሩስ?»

«ጣልኩት። ሐሙስ የቆሻሻው መኪና ወሰደው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ግን አላደረገውም፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሮዝሊን ማግፓይዋን ልታወርድለት እጇን ስትዘረጋ ኖርም ተይ አላት።

«ቆንጆ ነው፣ ግሌኒስ» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረበትም። «ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ አንቺ ውሰጂው። ያንቺ ነው።»

ቋሊማ በሚጠበስበት በኩል ወጥቶ ወደ መኪናው ሄደ።