ሴትዮዋ ምን አለች?

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ፊልሙ ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቀን ጋር አብሬ እረሳው ነበር። ግን ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ስቄ አላውቅም። ሳስታውሰው መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ንዴቱ ከኋላው ይከተላል፣ ከዚያም ሳቁ ይቀርና ንዴቱ ብቻ ይቀመጣል።

ዘመኑ የደርግ ነው። መካነ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ባያስገባኝም ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ይበቃ ነበር። መምህር መሆን እፈልግ ነበር፤ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከከላላም ከሳይንትም የመጡ ልጆች ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ሲማሩ፣ እኔ ገብስ እየለቀምኩ ሁሉንም እሰማ ነበር። የሚሰማ ጆሮ እንጂ የሚጠይቅ አፍ አልተፈቀደልኝም። ፊት ለፊት ቆሜ የማስተምርበት ቀን እንዲመጣ የምመኘው ለዚህ ነው።

ውጤት ብቻውን ግን አይበቃም። ከቀበሌው ወጣቶች ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ድጋፍ ያላገኘ ሰው ነጥቡ ምንም ቢያምር እዚያው ይቀራል። የማኅበሩን የትምህርትና የባህል ጉዳይ የያዘው የእንግሊዝኛ መምህሬ ነበር። ጎበዝ መምህር ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። የማውቀውን እንግሊዝኛ ያወቅኩት ከእሱ ነው። «አንቺን ካልላክሁ ማንን እልካለሁ?» ብሎኝ ነበር።

ፊልም የሚያሳየው ላንድሮቨር ከደሴ በዓመት አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የምናየው ትራክተር ነው። ትራክተር ያርሳል፣ ኮምባይነር ያጭዳል፣ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ያጨበጭባሉ። የእኛ ገበሬዎችም «ይህን እኛ ገደል ላይ አምጥተው ይሞክሩት» እያሉ ይወጣሉ። የዚያን ዓመት የሴቶች ቀን ሲከበር ግን የትራክተሩ ፊልም መንገድ ላይ ተበላሽቷል ተባለ። ማሳያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ከመኪናው ወለል ላይ አንድ ያረጀ የፊልም ቆርቆሮ አወጣና «የእንግሊዞች ነው፣ የድሮ፤ ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ለሴቶች ቀን ይሆናል» አለ።

ፊልሙ የሚታየው በቀን ስለነበር የአዳራሹን መስኮቶች በማዳበሪያ ጆንያና በብርድ ልብስ ደፈኗቸው። አቡጀዲ ተሰቀለ። ስለ ሴቶች እኩልነት የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ከበላዩ ነበር። ወንበሮቹ ላይ የአውራጃው ካድሬና የኮሚቴ አባላት ተቀመጡ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። የሴቶች ማኅበር አባላት ከኋላ መሬት ላይ ተቀመጥን። መምህሩ ማይክራፎን ይዞ አቡጀዲው አጠገብ ቆመ፤ የሚተረጉመው እሱ ነው።

ፊልሙ በአንድ የገጠር ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ስላላቸው ባልና ሚስት ነው። ባልየው ከረባት አስሮ፣ ፒፓውን ነክሶ፣ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ሚስትየዋ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ሻንጣ ሳይቀር ደረጃ ላይ ትጎትታለች። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ምግቡን አመሰገነ። ባልየው ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ፤ ሚስቴም ታግዘኛለች» አለ። ሚስትየዋ ይህን የሰማችው ምግብ የሞላበት ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን ትሪውን ትወረውረው ነበር። እሷ አልወረወረችም። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ትሪውን ተሻግራ ሄደች። ፊልም የተባለ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያኔ ገባኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከኋላ የተቀመጥነው ሁላችንም ግን ምን እንዳለች ሰምተናል።

ከዚያ ጠቡ ተጀመረ። ባልየው «ያለ እኔ አንድ ቀን አትውይም» ብሎ በነጭ ቀለም ቤቱን ለሁለት ከፈለው። መስመሩ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ያልፋል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ መንገዱ ላይ በተኛው ውሻ ጀርባ ላይ ሳይቀር ይሰመራል። ውሻው እስከ መጨረሻው ነጩን መስመር ተሸክሞ በሁለቱም በኩል ይዞራል። በሩ ለባልየው ደረሰ፣ ምድጃው ለሚስትየዋ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ገበያ ላይ ጨው የምትነግድ ሙስሊም ሴት ነበረች። ድምፅዋ ከማይክራፎኑ ይበልጣል። «ወላሂ ምድጃው ለሷ ደረሰ! እሱ ደጃፉን ይብላ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ወንዶቹም ሳቁ። ባልየው እንግዳ የተኛበትን አልጋ እንግዳው ላይ ሲያነጥፍ ካድሬው ራሱ ጉልበቱን ይመታ ነበር። እውነት ለመናገር የፊልሙ ችሎታ ይኸው ነው፤ ባልየውንም እንድንጠላው አላደረገንም። ሞኝ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም።

ያስቸገረው ትርጉሙ ነው። ባልየው ሲናገር መምህሩ ድምፁን አወፍሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተረጉማል። ሚስትየዋ ረጅም ስትናገር «ተቆጣች» ይላል። እንደገና ስትናገር «አሁንም ተቆጣች» ይላል። እኔ ግን እንግሊዝኛውን እሰማለሁ።

መጨረሻው ላይ ባልየው ተሸንፎ መስመሩ ጫፍ ላይ ይቆምና ልሻገር ብሎ ይለምናል። ሚስትየዋ እጇን አጣጥፋ ብዙ ተናገረች። መምህሩ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግባ አለችው» አለ። ወዲያው ፊልሙ ተበጠሰና አቡጀዲው ነጭ ሆነ። ማሳያውን የያዘው ሰውዬ ሲቀጥለው ወደ ኋላ መልሶት ኖሮ ያው ቦታ እንደገና መጣ። ባልየው ለመነ፣ ሚስትየዋ ተናገረች። መምህሩ ምን እንዳለ ረስቶታል መሰለኝ፤ «እወድሃለሁ፣ ግባ አለችው» አለ።

ጨው ነጋዴዋ ብድግ አለች።

«ኧረ ጋሼ! ቅድም ጥፋተኛ ነበረች፣ አሁን ወደደችው?»

«ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሐሳቡ ያው ነው» አላት በማይክራፎኑ።

«ያን ሁሉ ተናግራ ሁለት ቃል ብቻ? ምላሷ እስኪደክም ነው እኮ የተናገረችው!»

ሌሎቹም «ምን አለች? ሴትዮዋ ምን አለች?» ማለት ጀመሩ። ጨው ነጋዴዋ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ ተምረሽ የለ? ምን አለች?»

ሁለት ጊዜ ስለሰማሁት ቃሉን ይዤዋለሁ። ተነሣሁና ተናገርኩ። «ቀለሙን የቀባኸው አንተ ነህ፤ ቤቱ ግን ከዚያ በፊትም ለሁለት የተከፈለ ነበር። እኔ ብቻዬን ስሠራ አንተ እገዛ አልከው። መሻገር ከፈለግህ ተሻገር፤ እንግዳ ሆነህ ግን አይደለም። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ሽርጥ አንሣና ልበስ። እንዲህ ነው ያለችው።»

ከዚያ ጨው ነጋዴዋ «ይኸው! አፏ ይህን ነበር የሚመስለው!» ስትል እልልታው ተነሣ። ካድሬው ማሳያው እንዲጠፋ አዘዘ። ባልየው ሽርጡን ይልበስ አይልበስ ሳናይ ቀረን። መምህሩ ማይክራፎኑን ሳያጠፋ «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ለምን በሰው ፊት እንዲህ አደረግሽኝ?»

«ጋሼ፣ ለምን አልተረጎሙትም?»

«ባሎቻቸው ከፊት ተቀምጠዋል። እነዚህ ሴቶች ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ጠብ ልለኩስ?»

«ቀኑ የእኩልነት አይደለም እንዴ?»

«እኩልነት በድርጅት ነው የሚመጣው፤ በእንግሊዝ ፊልም አይደለም» አለኝና ጥሎኝ ሄደ። እንግሊዝኛ ያልገባው ሰው ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ገብቶታል። ቃል በቃል ገብቶታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ግለሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ያን ዘመን ለማያውቅ ሰው፣ ግለሂስ ማለት በሰው ፊት ቆሞ በራስ አፍ ራስን መክሰስ ነው። ያላጠፋም ያደርገዋል፤ እንዲያውም የሚቸገረው ያላጠፋው ነው፤ ጥፋት መፈልሰፍ አለበት። ለእኔ ጥፋቱን ፈልስፈው ሰጥተውኛል። «በስህተት ተርጉሜ ሕዝብ አሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ድጋፉም ከዚያ በኋላ ይታያል ተባልኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አባቴ ዘንድ ደርሶ ነበር።

«ፊልም ቤት ገባሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን። ንባቡ ምን ይላል?»

ሴትዮዋ ያለችውን ነገርኳቸው።

«የመምህርሽስ ትርጓሜ?»

ሁለቱንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ዝም ብለው ሰሙ። ሁለተኛውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ዘንድ አንድ ተማሪ ንባቡን ትቶ ከሆዱ ከተረጎመ ያን ቀን ትምህርቱ ይቆማል፤ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ንባቡን እንደ አዲስ ይጀምራል። ዕድሜው ቢገፋም፣ የትልቅ ሰው ልጅ ቢሆንም ያው ነው። «ሲጠይቁሽ ንባቡን አስቀድሚ፣ ትርጓሜውን አስከትዪ» አሉኝ። «ሌላ አትጨምሪ። ደግሞ ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትረግጪ።»

ስብሰባው ላይ ካድሬው «ስህተትሽን ተናገሪ» አለኝ። አባቴ እንዳሉኝ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አልኩት፣ የሴትዮዋን ቃል እንዳለ። ከዚያ በአማርኛ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሬ «ጋሼ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የተሳሳትኩት የትኛው ላይ ነው? ያርሙኝ» አልኩ።

መምህሩ ብዕሩን ከፍቶ ዘጋው። «ትርጉም እንደ ሁኔታው ነው» አለ።

«ጉዳዩ የእንግሊዝኛ አይደለም፤ የሥርዓት ነው» አለ ካድሬው።

ጨው ነጋዴዋ ከኋላ «ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ካልሆነ ታዲያ ልጅቷ ምኑን በስህተት ተረጎመች?» ስትል ሰው ሳቀ። ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። እሷን ከስብሰባው አስወጧት። እየወጣች «አብሽሪ ልጄ፣ እኔስ ደጃፉ አይከብደኝም» አለችኝ። እኔን ደግሞ ቁጭ በይ አሉኝ። ራሴን እስካርም ድረስ ድጋፉ እንዲቆይ ተወሰነ። እጃችሁን አውጡ ሲባል መምህሩም አወጣ።

ከፋሲካ በኋላ መምህሩ ቤታችን መጣ። ብዙ ቀን ከራሱ ጋር ሲሟገት የከረመ ይመስላል። ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ «መሪጌታ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ተሳስቻለሁ ትበልና እኔ ራሴ ድጋፉን አስጨርሳለሁ። የልጅቷ ዕድል ያሳዝነኛል» አለ።

አባቴ «እሷ እዚህ ቆማለች፤ ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉት።

ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ሰዓት የፈለግሁት እሱ ራሱ አንድ ቃል እንዲናገር ነበር። ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል ከሆነ ለምን እሱ አይላትም? ይህን አልተናገርኩም። «አልልም» አልኩት፤ ከዚህ ሌላ አልጨመርኩም። ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ። አባቴ እስከ በር ሸኙት፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ያኔ ቢያመሰግኑኝ ወይም ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ያኔ ለሁሉም እንዲህ ነበር፣ ዘመኑ ነው ይሉኛል። ዘመኑ እጁን አላወጣም። እጁን ያወጣ ሰው ነው፤ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ብዙ ዓመት እዚያው ከተማ መንገድ ላይ ሰላም ተባብለናል። ፊልሙን የሠሩት እንግሊዞች ስለ መካነ ሰላም ሰምተውም አያውቁም። ያቺ ሴትዮ ግን ከትሪዋ ጋር በር ላይ ቆማ ያሳየችውን፣ አዳራሽ ሙሉ ሴት ያለ ትርጉም አይቶታል። ያልገባቸውን ለመጠየቅ የተነሡት ቀድሞውኑ ስለገባቸው ነው። ከእነሱ የተሸሸገው ቃሉ ብቻ ነበር፤ እሱን መሸሸግ ደግሞ ለአንድ የተማረ ሰው ያን ያህል ሥራ መሆኑ ይገርመኛል።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ማሠልጠኛው የሚሄዱት በጭነት መኪና ተጫኑ። ከከተማችን የተመረጡት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የሴቶች ማኅበር ስንቅ እንዲያዘጋጅላቸው ትእዛዝ ወረደ፤ ከየቤቱ በሶ እንዲመጣ። ለእኔም ቤት ድረስ መጥተው ነገሩኝ። አልወሰድኩም።