እህቷ ያቆየችላት ቃል

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይላታል። ፀጉር ሠሪ ስለሆነች ቅጽል ስሙ ከሥራዋ የመጣ ነው ብሎ የማይገምት እንግዳ የለም። ያ ሁሉ ነገር ከደረሰባት በኋላ እሷ ራሷም እንደዚያው ነበር የመሰላት።

ነገሩ የጀመረው በራስ ምታት ነው። አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቷ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ከፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ሥር ሴቶች ተደርድረው፣ እሷ የአንዲት ደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ሳለ ግንባሯን ይዛ ቁጭ አለች። «ድካም ነው፣ አሁን ይለቀኛል» አለች። አልለቀቃትም። ትኩሳቱ አነደዳት፤ በማግስቱ ባሏ ደግፎ ሐኪም ቤት ሲያደርሳት የምትናገረው ነገር ለሰው አይገባም ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው አንጎሏ ድረስ ዘልቋል አሉ። ሳምንታት በሕይወትና በሞት መሃል ከርማ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ዘወትር ከደረት ኪሱ የማይጠፋው ሞካሪ ካቻቪቴ እዚያው እንደተሰካ ነበር። እሱን በማየቷ ተጽናናች። ከዚያ ፀጉሩን አየችና ግራ ገባት።

«ምነው እንዲህ ሸበትክ?» አለችው።

ባሏ እጁን ወደ ፀጉሩ ሰደደ። ከአልጋው ማዶ አንዲት መለሎ ወጣት እጇን ይዛ ታለቅሳለች። ለሴትየዋ ነርስ መሰለቻት።

«አይዞሽ ሲስተር፣ ደህና ነኝ» አለቻት። ወደ ባሏ ዞራም «ልጅቷን ማን ይዟታል? ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል?» ስትል ጠየቀች።

ወጣቷ እጇን ለቃ ወደ በሩ ሄደች፤ መዝጊያውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ተመልሳ መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን እናቷ ደረት ላይ አስደገፈች። የሴትየዋ ጣቶች እንደ ልማዳቸው ፀጉሩ ውስጥ ገቡ። አናቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የልጇ ፀጉር መሃል አናቷ ላይ፣ ጎን ለጎን በሁለት ቦታ እየዞረ ነበር የሚበቅለው። ስንት ሺህ ጭንቅላት አጥባለች፤ እንዲህ ያለ አናት ግን ከልጇ በቀር ማንም ላይ አይታ አታውቅም። ጣቶቿ ሁለቱንም አገኟቸው።

«አንቺ ነሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

በአእምሮዋ ያለችው ልጅ የፊት ጥርሷን ገና ያላበቀለች፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚሰፋ ነበረች። ይቺኛዋ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ሴትየዋ ያንን ፊት በሁለት መዳፏ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ማልቀስ ይገባት ነበር፤ እሷን ግን ከልቅሶ የሚበልጥ ነገር ያዛት። ይቺን ልጅ አንድ ሰው አሳድጓታል፤ አብልቷታል፣ ተቆጥቷታል፣ ሲያማት አብሯት ተቀምጧል። ያ ሰው እሷ ናት ይላሉ። እሷ ግን እዚያ አልነበረችም።

ሐኪሟ ነገሩን በቀላል አማርኛ አስረዳት። አሥር ዓመት ገደማ ከአእምሮዋ ጠፍቷል፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ባሏ ደግሞ ከባዱን ነገር ነገራት፤ እናቷ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ለሰው ሁሉ ያረጀው ሐዘን ለሷ የዚያን ቀን ሆነ። ስታለቅስ ውላ ሲደክማት፣ «ሚጢስ የት አለች?» አለች።

ሚጢ የምትላት ታናሽ እህቷን ነው። በምታስታውሰው ጊዜ፣ ከሚጢ ጋር ሳይደዋወሉ የሚውሉበት ቀን አልነበረም።

ባልና ልጅ ዓይን ለዓይን ተያዩ። «ትመጣለች» አለ ባሏ።

ሚጢ አልመጣችም።

ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ አላስችል ቢላት ፀጉር ቤቷን ለማየት ሄደች። ከሷ ጋር የምትሠራው ጥፍር ሠሪ ቤቱን እንዳለ ጠብቃላታለች። ግድግዳው ቀለሙ ተለውጧል፤ ከመታጠቢያው በላይ የማታውቀው ማሞቂያ ተሰቅሏል። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነበረች። ዕድሜዋን መስታወት ፊት ቆማ ጨርሳለች፤ ዓይኗ ግን ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ካለው ሰው አናት ላይ ነበር። አሁን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ በአፏ ዙሪያ ሁለት መስመር የተሰመረባት ሴትዮ በመገረም ታያታለች።

ጥፍር ሠሪዋ «ሞክሪ እስቲ» ብላ አንዲት ወጣት አስተማሪ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ የፈለገችው ከኋላ አጠር ብሎ ወደ አገጭ እየረዘመ የሚወርድ አቆራረጥ ነው።

«እሱን አላውቀውም» አለች ሴትየዋ።

«ባለፈው የቆረጥሽኝ እኮ አንቺ ነሽ፣ እትዬ።»

ማበጠሪያውን አነሳች። ፀጉሩን ከፈለች፣ አንዱን ረድፍ በመቆንጠጫ ያዘች፣ ጣቶቿ መሃል አጥብቃ ወጠረች፤ መቀሱ ሄደ። እሷ ትመለከት ነበር እንጂ የምትሠራ አልመሰላትም። እጇ ዘወር አለ፣ ጫፉን አስተካከለ፣ የልጅቷን አገጭ በጣት ቀና አደረገ። ሲያልቅ ያላጋደለ፣ ያልተዛነፈ፣ እንደ ውሃ የወረደ ፀጉር ነበር። ሴትየዋ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። እሷን ሳያስፈቅዱ አሥር ዓመት ሙሉ ሲማሩ የኖሩ እጆች ናቸው።

«ምነው?» አለች ጥፍር ሠሪዋ።

«ምንም። እነዚህ ከኔ በላይ ያውቃሉ።»

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቿ በየተራ እሷን ለራሷ ይነግሯት ጀመር። አንዷ «አንቺ እኮ ፊትሽ የማይፈታ ነበርሽ፤ ፀጉሬን ለመሠራት ስመጣ ፈተና የምቀመጥ ነበር የሚመስለኝ» አለች። ሌላዋ ይህን ሰምታ ተገረመች፤ ባሏ የሞተባት ሰሞን ይቺ ሴትዮ ሳትጠራ ቤቷ መጥታ፣ ውሃ አሙቃ፣ ፀጉሯን አጥባላት ሻይ እንኳ ሳትጠጣ እንደሄደች አወራች። ሦስተኛዋ ተረበኛ ነበርሽ፣ ስታስቂን ቀለሙ ይበላሽ ነበር አለች። ጥፍር ሠሪዋ ደግሞ ስትናደድ መጥረጊያ እንደምትወረውር ነገረቻት። ሴትየዋ ሁሉንም እንደ ተረት አዳመጠች። አንዷም አልዋሸችም፤ ይህ ይታወቃታል። ያቺ አንዲት ሴት በያንዳንዳቸው ዘንድ ለየብቻ እንደኖረች ገባት። እሷ ያጣቻትን ሴትዮ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ቁርጥራጯን በየቤቱ ይዟት ነበር።

የሚጢ ነገር ግን ከሆዷ አልወጣም። ስትጠይቅ ባሏ ወሬ ይለውጣል፣ ልጇ ስልኳን ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ቀይራ፣ ለማንም ሳትናገር ወጣች። እህቷ ዋናው መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በመንገዱ ላይ የማታውቃቸው ፎቆች በቅለዋል፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ከነቦታው ነው።

ሚጢ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ፣ ለአንድ ሽማግሌ የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ ታስረዳለች። ቀና ስትል እህቷን አየቻት። የያዘችው ጠርሙስ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው አንዷን ካየ በኋላ ሌላዋን አየና ሽሮፑን ራሱ ተቀብሎ ወጣ።

ሴትየዋ ባንኮኒውን ዞራ ገባችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ሚጢዬ። ምነው ጨከንሽ?»

እህቷ እንጨት ሆነች። አላቀፈቻትም፣ አልገፋቻትምም። እጇን ይዛ ካርቶን ወደተደረደረበት የኋላ ክፍል ወሰደቻት፤ በሩን ገርበብ አደረገች።

«ማን ላከሽ?»

«ማን ይልከኛል? ታምሜ ነበር እኮ። ልሞት ነበር።»

«አውቃለሁ። ስትታመሚ እየመጣሁ በበሩ መስታወት አይሽ ነበር። ነቃች ሲሉኝ ቀረሁ።»

«ስነቃ ቀረሽ? ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

ሚጢ ፊቷን አጥብቃ አየቻት። እህቷ ያን ነገር እንደማታስታውሰው ያኔ ገባት። መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገች። ኋላ እንዳጫወተቻት፣ በዚያች ቅጽበት ዝም ልበል ብላ አስባ ነበር። እህቷ እንደ ድሮዋ ሆና በገዛ እግሯ መጥታላታለች። ዝም ብትል ያ ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ በተቃቀፉ ቁጥር የምታውቀው እሷ ብቻ ልትሆን ነው።

«ተቀመጪ፣ እታለም» አለች። «የማታስታውሺው ነገር አለ።»

ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ሚጢ ነገረቻት። እናታቸው በድንገት ታመመች፤ ሐኪሞቹ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አትተርፍም አሉ። ታላቋ ለሥራ ዕቃ ግዢ ሩቅ ሄዳ ስልኳ አልሠራ አለ። ሚጢ ፈቀደች። እናታቸው ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣችም። በለቅሶው ቀን፣ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ ታላቋ ብድግ ብላ ተናገረች።

«ምን አልኩ?»

«ይቅርብሽ።»

«ንገሪኝ ሚጢ።»

ሚጢ ተነስታ ቆመች። አገጯን ቀና፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ድምጿ የሷ መሆኑ ቀረ። «አንቺ መድኃኒት መሸጥ እንጂ ማዳን የት ታውቂያለሽ? እናቴን በሰው እጅ አስረክበሽ ባዶ እጅሽን መጣሽ። ከእንግዲህ እናትም እህትም የለኝም። ሁለቱንም ዛሬ ቀበርኩ።»

ከውጭ አንድ ሰው ባንኮኒውን በሳንቲም ኳ ኳ አደረገ፤ ሁለቱም አልሰሙትም።

ሴትየዋ ምላሷ ጫፍ ላይ «እኔ እንዲህ አልልም» የሚል ነበር የመጣው። ሊወጣ ሲል ተወችው። ያቺ ቀና ያለች አገጭ የማን ናት? «የት ታውቂያለሽ» ብሎ መሃል ላይ ቆም ማለት፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ መጨረስ የማን ነው? ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ሲነዘንዛት ምላሷ ላይ የሚመጣው ዜማ ይኸው ነው። ከነቃች ጀምሮ ብዙ ሰው ማን እንደሆነች ነግሯታል፤ ሁሉንም ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሰምታዋለች። አሁን ግን ራሷን አየቻት፤ ቁመቷ፣ ድምጿ፣ ክፋቷ ሳይቀር፣ በበደለቻት እህቷ አካል ውስጥ አንዲት ፊደል ሳትጎድልባት ቆማ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሚጢ በቀር እንዲህ አድርጎ የጠበቃት ማንም የለም።

«ለዚህ ምላሴ ነው መቀስ የሚሉኝ» አለች።

«ለዚያ ነው። ለፀጉር መስሎሽ ነበር?»

«መስሎኝ ነበር።»

ሚጢ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። አጠገቧ ተቀመጠች። «አልይዝብሽም። አታስታውሺውም። ያቺ ሌላ ሴት ናት ብለን እንተወው።»

«ሌላ ሴት ከሆነች ልጄንም ያሳደገችው እሷ ናት። እጄን ይሄን ሁሉ ሙያ ያስተማረችው እሷ ናት። ያንን የኔ ነው ብዬ ወስጄ ይሄኛውን አላውቀውም ልል ነው?» ራሷን ነቀነቀች። «አላስታውሰውም ሚጢ። አነጋገሩ ግን የኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

ሚጢ ጋዋኗን እያፍተለተለች ቆየች። «ይሄን ቃል ስንት ዓመት ጠበቅኩት» አለች። «ነገሩን የምታስታውሰው ትለኛለች ብዬ ነው እንጂ የረሳችው መጥታ ትለኛለች አላልኩም።»

«ያስችልሻል?»

«እንጃ። እስቲ እንየው።»

አየችው፤ ቀስ በቀስ ቻለች። መጀመሪያ በስልክ፣ ኋላ እሁድ እሁድ በአካል። ፀጉር ቤቱ እሁድ ዝግ ስለሆነ ሚጢ ቤቱ ባዶ ሲሆን ትመጣና ወንበሩ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ እህቷ ታጥባታለች።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ፣ ሻምፖውን እያለቀለቀች ሳለ፣ እጇ ቀጥ አለ። ማንም ሳይጠራው ያ የለቅሶ ቀን ወደ አእምሮዋ መጣ። ከነወንበሮቹ፣ ከነሰዉ ፊት፣ ከትኩስ ንዴቷ ጋር። ንዴቱ ወሬ አልነበረም፤ ደረቷ ውስጥ ይነድ ነበር፣ የሷው ነበር። በጣቶቿ መሃል ደግሞ የእህቷ ጭንቅላት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ታምኗት፣ አለ። ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ፤ ንዴቱ ፍቅሩን አላባረረውም፣ ፍቅሩም ንዴቱን አልካደውም። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ እንዴት ይችለዋል ብላ ተደነቀች። ግን እየቻለችው ነበር።

«ሚጢ» አለች።

«እ?»

«መጣ። ያ ቀን።»

ሚጢ ዓይኗን ገለጠች። ከታች ወደ ላይ፣ የተገለበጠውን የእህቷን ፊት አየችው። ፊቱ ላይ የምትፈራትን ሴትዮም፣ የምትወዳትንም አገኘች።

«ውሃው እየቀዘቀዘብኝ ነው» አለች፤ መልሳም ዓይኗን ጨፈነች።

ሴትየዋ የቧንቧውን ውሃ አሙቃ ማጠቧን ቀጠለች።