ጉጉቷን ይዤ ወደ አንኮበር

ከባለቤቴ ከጌታነህ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ሳንቲም ማጠብ ነበር። አመድና ሎሚ ይዘን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። የጥንት አቴናውያን ብር ነው፤ በአንድ ፊቱ የራስ ቁር የደፋች ሴት፣ በሌላው ጉጉት አለችበት። ግሪካዊ የሥራ ባልደረባው ሲሰናበተው የሰጠው ነው።

"ዐይኗ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ፤ እንዳትነቃ" አለኝ።

ያረጀ ብር በአመድ እንደማይታሽ ያነበብኩት በኋላ ነው። እሱም የታሪክ መምህር ሆኖ አላወቀም!

በሳምንቱ ዐረፈ። እናቱ እማማ ብርቄ ጥፋተኛዋን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ጉጉት የገባችበት ቤት ሰው አይበረክትበትም። "ወፏን ሳትጥዪ ደጄን እንዳትረግጪ" አሉኝ። ካልተያየን አምስት ወር ሆነን። ዛሬ አንድ ጊዜ ላሳያቸው ነው። አሁንም ጣያት ካሉኝ ከአንኮበር ገደል እወረውራታለሁ። የቀሩኝ እናት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። ከከተማው ስንወጣ ጉም፣ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ጉም።

"እትዬ፣ መሀረቡ ውስጥ ምን ይዘው ነው እንዲህ የጨበጡት?" አለ ሾፌሩ።

"ጉጉት።"

ፍሬን ያዘ። ከኋላ የተቀመጡት ቄስ አማተቡ። ገልጬ ሳሳየው ሳቀ።

"እንኳንም ዝም አለች፤ ብትጮህማ ወንበር አስከፍልዎት ነበር!"

3 ሰዓት ተኩል፣ ጎረቤላ (የአንኮበር ከተማ)

እማማ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ።

"ብቻሽን ነሽ?"

"ከእሷ ጋር ነኝ። ይዩዋትና ይፍረዱ።"

ሰፌዱን አስቀመጡ። ከእኔ መነጽር የእሳቸው ዐይን ይበልጣል። ሳንቲሙን ወደ ፀሐይ አዙረው አገላበጡት። እኔ ገደሉን አየሁ።

"ይሄ ከኋላዋ ያለው ምንድን ነው?"

"ቅርንጫፍ ነው።"

"ቅርንጫፍ መሆኑንማ አየሁ። የምን?"

የአቴናውያን ከተማ ምልክት ነው ብዬ ማብራራት ጀመርኩ።

"ኧረ ወዲያ! ወይራ ነው። ቅጠሉን አታዪም? ፍሬውን? መምህር አግብተሽ ወይራ አትለዪም?" ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ወይራ ይዛ የምትመጣ ወፍ መርዶ አታመጣም። ኖኅን ጠይቂ።"

"እሷ እኮ ርግብ ነበረች፣ እማማ።"

"ያን ሁሉ ውኃ ሲያይ የከረመ ሰው ርግብ ከጉጉት ይለያል ብለሽ ነው?"

ሳቅን። ከዚያ እሳቸው አለቀሱ፤ እኔም ተከተልኩ። ሳንቲሙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"እኔ ዘንድ ትቀመጥ። ስትናፍቅሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ።"

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አንኮበር ሄጄ አድሬ እመለሳለሁ።